ሲፓፕ ለማይስማማው የስሊፕ አፕኒያ ታማሚ የጥርስ ሐኪም ሊረዳው ይችላልን?

ጥያቄ፦ ከቨርጂኒያ

ጤና ይስጥልኝ። የሕክምና ባለሙያ የሆናችሁ፣ እንዲሁም በዚህ ሕመም ያለፋችሁ ወገኖቼ ምክራችሁን እንድትለግሱኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ባለቤቴ 52 ዓመቱ ነው፤ ሥራው ከስቴት ወደ ስቴት ትልቅ የጭነት መኪና መንዳት ነው። ማንኮራፋት የቆየ ልማዱ ቢሆንም ከጊዜ በኋላ ማንኮራፋቱ በድንገት ጸጥ እያለ፣ ትንፋሹም ጨርሶ እየጠፋ፣ ከዚያ እንደታነቀ ሰው ባንኖ አየር ሲስብ መስማት ጀመርሁ። ቀን ቀን ደግሞ ቁጭ ባለበት እንቅልፍ ይወስደዋል፤ የደም ግፊቱም በመድኃኒት በቀላሉ አልወርድ ብሏል። የቤተሰብ ሐኪማችን ቤት ውስጥ የሚደረግ የእንቅልፍ ምርመራ አዘዙለት፤ ውጤቱም ትንፋሹ በሰዓት 22 ጊዜ ያህል እንደሚቋረጥ ወይም እንደሚያንስ አሳየ። ስሊፕ አፕኒያ መሆኑ ተነግሮት ሲፓፕ የሚባለው አየር የሚገፋ ማሽን ተሰጠው።

ማሽኑን ግን ሊለምደው አልቻለም። ጭምብሉ ያፍነኛል ይላል፤ አፉ ይደርቃል፤ ሌሊት ሳይታወቀው አውልቆት ያድራል፤ መንገድ ላይ በመኪናው ውስጥ ሲተኛማ ጭራሽ አይሞክረውም። በቅርቡ ለጥርስ ጽዳት ሄዶ ሳለ የጥርስ ሐኪሙ አፉን ሲመረምሩ ጥርሶቹ ተፋጭተው ማለቃቸውንና የምላሱ ዳርና ዳር የጥርስ ቅርጽ መያዙን አይተው፣ ሌሊት የትንፋሽ ችግር እንዳለበት ጠየቁት። ነገሩን ሲነግራቸው፣ ሲተኛ አፉ ውስጥ የሚያደርገው፣ የታችኛውን መንጋጋ ወደ ፊት የሚስብ መሣሪያ ሊሠሩለት እንደሚችሉ ገለጹለት። ዋጋው ቀላል አይደለም።

ግራ የገባኝ ይህ ነው፤ የትንፋሽ ሕመም በእርግጥ የጥርስ ሐኪም ሥራ ነውን? መሣሪያውስ የማሽኑን ያህል ይሠራልን? በጥርሱ ላይ ጉዳት አያመጣምን? የመንጃ ፈቃዱን የሕክምና ካርድ የሚያድሱለት ሐኪምስ ይቀበሉታልን? ገንዘቡን ከመክፈላችን በፊት በቂ እውቀት እንዲኖረን እፈልጋለሁ።

መልስ፦ የጥርስ ሐኪም፣ ሜሪላንድ

እህቴ፣ ጥያቄዎን በዝርዝር ስላቀረቡ አመሰግናለሁ። በመጀመሪያ ደረጃ የባለቤትዎ የጥርስ ሐኪም ያዩትን ምልክት ሳይንቁ መጠየቃቸው ተገቢ ሥራ መሆኑን ልመስክር። ብዙ ሰው ሳያመው ወደ ሐኪም አይሄድም፤ ለጥርስ ጽዳት ግን በየስድስት ወሩ አፉን የሚከፍት ብዙ ነው። የተፋጨ ጥርስ፣ ዳሩ የተከረከመ የሚመስል ትልቅ ምላስ፣ ጠባብና ከፍ ያለ ላንቃ፣ ወደ ኋላ የገባ አገጭ፣ ያበጠ ቶንሲል፣ ጠዋት ጠዋት የሚደርቅ አፍ፤ እነዚህ ሁሉ ያሉት እኛ በየቀኑ በምናየው ቦታ ነው። አንዳቸውም ብቻቸውን ሕመሙን አያረጋግጡም፤ ሲደራረቡ ግን ታማሚውን መጠየቅና ወደ ሐኪም መላክ ግዴታችን ይሆናል።

የትንፋሽ ሕመም የጥርስ ሐኪም ሥራ ነውን ለሚለው፣ መልሱ ከሕመሙ አሠራር ይገኛል። እንቅልፍ ሲወስደን የጉሮሮ ጡንቻዎች ይላላሉ። ዋናው የምላስ ጡንቻ የተያያዘው ከታችኛው መንጋጋ አጥንት ጋር ስለሆነ፣ በተለይ በጀርባ ስንተኛ መንጋጋውም ምላሱም ወደ ኋላ ይሸሻሉ፤ ጉሮሮው ጠባብ በሆነ ሰው ላይ የአየሩ መተላለፊያ ይዘጋል። ትንፋሹ ለ10 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ሲቆም አንድ መቋረጥ ተብሎ ይቆጠራል፤ በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይወርዳል፣ አንጎልም ሰውዬውን ለቅጽበት ያባንነዋል። እርሱ አያስታውሰውም፤ ልቡና የደም ሥሮቹ ግን ሌሊቱን ሙሉ በዚህ ጭንቀት ውስጥ ያድራሉ። የደም ግፊቱ በመድኃኒት አልወርድ ማለቱም ከዚሁ ጋር ሊያያዝ ይችላል።

ሲፓፕ የተዘጋውን መንገድ በአየር ግፊት ከፍቶ ይይዛል። የአፍ መሣሪያው ደግሞ የላይኛውንና የታችኛውን ጥርሶች ይዞ መንጋጋውን ወደ ፊት በማምጣት ምላሱ አብሮ እንዲመጣ፣ የጉሮሮውም ግድግዳ እንዲወጠር ያደርጋል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ፈረንሳዊው ሐኪም ፒየር ሮቢን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ አገጫቸው ወደ ኋላ የገባና ምላሳቸው ትንፋሽ የሚዘጋባቸውን ሕፃናት በተመሳሳይ መንገድ ለመርዳት ሞክሮ ነበር። መንጋጋን ወደ ፊት ማምጣት ጥርስን፣ ድድንና የመንጋጋን መገጣጠሚያ የሚነካ ሥራ ስለሆነ፣ እነዚህን የሚያውቅ ባለሙያ ሊሠራውና ሊከታተለው ይገባል።

ይሁን እንጂ የሥራ ድርሻችን ወሰን አለው፤ በዚህ ላይ ጥብቅ ነኝ። ስሊፕ አፕኒያ መኖሩን የሚወስነው ሐኪም እንጂ የጥርስ ሐኪም አይደለም። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው አቋም፣ የጥርስ ሐኪሞች ታማሚዎቻቸውን ስለ እንቅልፍ ትንፋሽ እንዲጠይቁና የተጠረጠረውን ወደ ሐኪም እንዲልኩ፣ የአፍ መሣሪያም ሐኪም ሲያዝ እንዲሠሩ ይመክራል። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚና የጥርስ ሐኪሞች የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ በጋራ ያወጡት መመሪያ ደግሞ፣ ሲፓፕን መልመድ ላቃታቸው ወይም ሌላ ሕክምና ለሚመርጡ አዋቂዎች ይህ መሣሪያ እንዲታዘዝ ይደግፋል። መሣሪያው ለታማሚው ጥርስ ተለክቶ የተሠራና ቀስ በቀስ ሊስተካከል የሚችል መሆን እንዳለበትም ይገልጻል። በሙቅ ውኃ አለስልሰው የሚነክሱት፣ በኢንተርኔት የሚሸጠው ዓይነት ይህን አያሟላም።

ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት የጥርስ ሐኪሙን ሦስት ነገር ይጠይቁልኝ። የእንቅልፍ ሐኪሙን ትእዛዝ ይጠብቃሉ? መሣሪያው በደረጃ ወደ ፊት የሚገፋ ነው? ሲስተካከል ካለቀ በኋላ መሣሪያው አፉ ውስጥ እያለ ሁለተኛ የእንቅልፍ ምርመራ እንዲደረግ ወደ ሐኪሙ ይመልሱታል? ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጣል። ብዙውን ጊዜ የምንጀምረው መንጋጋው ወደ ፊት ሊሄድ ከሚችልበት ርቀት ግማሽ ያህል ላይ ነው፤ ከዚያ በሳምንታት ውስጥ በጥቂቱ፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር ባነሰ ልክ እያራመድን እንሄዳለን። በዚህ መካከል ማንኮራፋቱ ሊጠፋ፣ ቤተሰቡም ተፈወሰ ብሎ ሊደሰት ይችላል። ነገር ግን ማንኮራፋት ቆሞ የትንፋሹ መቋረጥ ሊቀጥል ይችላል፤ ይህን የሚለየው ምርመራ ብቻ ነው። መሣሪያውን አስረክቦ ታማሚውን የሚያሰናብት የጥርስ ሐኪም ሥራውን ግማሽ ላይ እንደተወው እቆጥረዋለሁ።

መልስ፦ ተጠቃሚ፣ ዳላስ

እኔ የጤና ባለሙያ አይደለሁም፤ መሣሪያውን በየሌሊቱ ስለምጠቀምበት ያየሁትን ልንገርዎ። መጀመሪያ ላይ ምራቅ ይበዛል፤ ጠዋት ሲነሡ መንጋጋ ይደነዝዛል፤ የላይኛውና የታችኛው ጥርስ ለጥቂት ጊዜ በትክክል አይገጥምም፤ ቁርስ ማላመጥም ያስቸግራል። ሐኪሜ ጠዋት ጠዋት ለደቂቃዎች የምነክሳት ትንሽ የማስተካከያ ፕላስቲክ ሰጥተውኛል፤ እርሷን ስጠቀም ጥርሴ ወደ ቦታው ይመለሳል። ከጊዜ በኋላ ሕመሙ ቀለለኝ፤ ምራቁም ቀነሰ። ለጉዞ ግን የሚስተካከለው የለም፤ ኪስ ውስጥ ይገባል፣ መብራት አይፈልግም።

ስለ ክፍያው የሚከፍለው የጥርስ ኢንሹራንስ ሳይሆን የሕክምና ኢንሹራንስ መሆኑን ልብ ይበሉ። ክሊኒኩ አስቀድሞ ፈቃድ እንዲጠይቅልዎ ያድርጉ፤ የሐኪሙ ትእዛዝና የእንቅልፍ ምርመራው ውጤት በእጅዎ ይኑር።

መልስ፦ የሳንባና የእንቅልፍ ሐኪም፣ ሚኒሶታ

የሜሪላንዱ ባልደረባዬ የጻፉትን በአብዛኛው እቀበለዋለሁ፤ ሆኖም ከእኔ ወገን መነገር ያለበት አለ። ትንፋሽ የሚቋረጥበት ወይም የሚያንስበት ብዛት በሰዓት ከ5 እስከ 14 ሲሆን ቀላል፣ ከ15 እስከ 29 መካከለኛ፣ 30ና ከዚያ በላይ ከባድ ስለሚባል የባለቤትዎ 22 መካከለኛ ነው። በዚህ ደረጃ የአፍ መሣሪያ ተገቢ አማራጭ ነው። ሕመሙ ከባድ ቢሆን፣ ወይም ሌሊት ኦክስጅኑ በጣም የሚወርድ ቢሆን ግን ሲፓፕን በቀላሉ እንዲተወው አልመክርም ነበር።

የትኛው ይሻላል ለሚለው፣ አንዱን ሌሊት ብቻ ብንመለከት ሲፓፕ ይበልጣል፤ የትንፋሽ መቋረጥን በመቀነስ የሚወዳደረው መሣሪያ የለም። አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሰሊቫን እ.ኤ.አ. በ1981 ይህን ሕክምና ይፋ ሲያደርግ፣ ለከባድ ታማሚዎች የነበረው ዋና አማራጭ ጉሮሮን በስቶ በቱቦ ማስተንፈስ ነበር፤ ስለዚህ የማሽኑን ውለታ አቅልለን ልናየው አይገባም። ነገር ግን ማሽን የሚጠቅመው በተጠቀሙበት ሰዓት ልክ ነው። ሰዎች የአፉን መሣሪያ በሌሊት ለረዘመ ሰዓት የመጠቀም ዝንባሌ ስላላቸው፣ በቀን እንቅልፍና በደም ግፊት ሲለካ የሁለቱ ውጤት ተቀራራቢ ሆኖ ይገኛል። በአንጻሩ መሣሪያው ሁሉንም አይረዳም፤ በግምት ከተጠቃሚዎች ሲሶው ሙሉ በሙሉ የሚስተካከል፣ ሲሶው በከፊል የሚሻለው፣ ሲሶው ደግሞ ብዙም የማይለወጥ ነው። ማን ከየትኛው ወገን እንደሚሆን አስቀድሞ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም፤ ሁለተኛውን ምርመራ እኔም አጥብቄ የምጠይቀው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ማሽኑን ወደ ጓዳ ከማስገባታችሁ በፊት አንድ ዕድል ስጡት። ፊትን የሚሸፍነው ጭምብል ካፈነው አፍንጫ ሥር ብቻ የሚቀመጥ ዓይነት አለ፤ አፉ የሚደርቀው የማሽኑ የውኃ ማሞቂያ ስላልተስተካከለ ወይም አፉን ከፍቶ ስለሚተኛ ሊሆን ይችላል፤ አፍንጫው የታፈነ ከሆነም ያ መታከም አለበት። ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልሆነ ወደ መሣሪያው መሄድ ሽንፈት አይደለም። ሁለቱንም የሚጠቀሙ ታማሚዎችም አሉኝ፤ ቤት ሲሆኑ ማሽኑን፣ መንገድ ሲሆኑ መሣሪያውን።

ስለ መንጃ ፈቃዱ በተለይ እንዲጠነቀቁ እፈልጋለሁ። የፌዴራሉ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2016 ለስሊፕ አፕኒያ የተለየ ደንብ ማዘጋጀት ጀምሮ በ2017 ስለሰረዘው፣ ውሳኔው በአብዛኛው የሕክምና ካርዱን በሚያድሰው መርማሪ ሐኪም ግምገማ ላይ ይወድቃል። መርማሪዎቹ ደግሞ ማስረጃ ይፈልጋሉ፤ ለሲፓፕ በተለምዶ የሚጠየቀው ከሌሊቶቹ ቢያንስ በ70 በመቶው፣ ቢያንስ 4 ሰዓት መጠቀምን የሚያሳይ ከማሽኑ የወጣ መዝገብ ነው። አብዛኛው የአፍ መሣሪያ እንዲህ ያለ መዝገብ አይዝም፤ ሙቀትን እየለየ የተጠቀሙበትን ሰዓት የሚመዘግብ ትንሽ ቺፕ ሊገባበት ቢችልም ይህን ሁሉም መርማሪ አይቀበለውም። መሣሪያው ከመሠራቱ በፊት ባለቤትዎ መርማሪውን ሐኪም ምን ዓይነት ማስረጃ እንደሚቀበሉ ይጠይቃቸው፤ ቺፑ ይግባበት ከተባለም የጥርስ ሐኪሙ ከወዲሁ ማወቅ ይኖርባቸዋል። እስከዚያው ግን ሕክምና ሳያገኝ ረጅም መንገድ እንዳይነዳ እለምናችኋለሁ። እንቅልፍ ያንገላታው ሰው በዚያ ሁሉ ጭነት መሪ ላይ መቀመጡ ለእርሱም ለሌላውም ሰው አደጋ ነው።

ክብደቱ ከፍ ያለ ከሆነ እርሱን መቀነስም የሕክምናው አካል ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ቲርዜፓታይድ የተባለውን መርፌ ከመጠን በላይ ውፍረትና መካከለኛ ወይም ከባድ ስሊፕ አፕኒያ ላለባቸው አዋቂዎች ፈቅዷል፤ ለባለቤትዎ ይገባ እንደሆነ የቤተሰብ ሐኪማችሁን አማክሩ።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ ከቨርጂኒያ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለመርማሪው ሐኪም እንደውላለን፤ ጭምብሉንም እናስለውጣለን። ሁለት ነገር ልጨምር። ባለቤቴ ከታች በኩል ጥቂት የመንጋጋ ጥርሶች ተነቅለውበታል፤ ድዱም አልፎ አልፎ ይደማል። ይህ ይከለክለዋልን? ደግሞም የ8 ዓመት ልጃችን ያንኮራፋል፣ አፉንም ከፍቶ ይተኛል፤ ከአባቱ ወርሶ ይሆንን ብዬ ተጨንቄያለሁ። ለእርሱም መሣሪያ ይሠራለታልን?

መልስ፦ የጥርስ ሐኪም፣ ሜሪላንድ

ጥቂት ጥርስ መጉደሉ ብቻውን አይከለክልም፤ መሣሪያው የሚይዘው በቂ ጥርስ ከላይም ከታችም መኖሩን ማየት ያስፈልጋል፤ ብዙዎቻችን በእያንዳንዱ መንጋጋ ቢያንስ ከ6 እስከ 10 ጤናማ ጥርስ እንፈልጋለን። የሚደማው ድድ ግን መጀመሪያ መታከም አለበት፤ መሣሪያው በየሌሊቱ ጥርሶቹን ስለሚገፋቸው ድዱ የላላ ጥርስ ሊነቃነቅ ይችላል። መሞላት ወይም ክራውን (የጥርስ ሽፋን) ማድረግ የሚገባው ጥርስ ካለም መሣሪያው ከመለካቱ በፊት ይጠናቀቅ፤ በኋላ የጥርሱ ቅርጽ ከተለወጠ መሣሪያው አይገጥምም።

ስለ ጉዳቱ በግልጽ ልናገር። ለዓመታት ሲጠቀሙበት ጥርስ መሸሹ አይቀርም፤ የላይኞቹ የፊት ጥርሶች በጥቂቱ ወደ ኋላ፣ የታችኞቹ ወደ ፊት ያዘነብላሉ፤ አንዳንድ ሰው ላይ የኋላ ጥርሶች መግጠም ያቆማሉ። ብዙው ሰው ልዩነቱን እንኳ አያስተውለውም፤ ትንፋሹ ከተስተካከለለት ደግሞ ይህን ለውጥ መቀበሉ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። የመንጋጋው መገጣጠሚያ ቀድሞም የሚያመው ከሆነ ግን ለሐኪሙ ሳይነግር እንዳይጀምር። በመጀመሪያው ዓመት ደጋግሞ፣ ከዚያ በኋላም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ መታየት አለበት።

የልጁ ጉዳይ የተለየ ነው። መንጋጋቸው በማደግ ላይ ላሉ ልጆች የአዋቂውን መሣሪያ አንሰጥም። በልጆች ላይ አብዛኛውን ጊዜ መንገዱን የሚዘጋው ያበጠ ቶንሲልና ከአፍንጫ በስተኋላ ያለው አዴኖይድ ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ጉዞ ወደ ሕፃናት ሐኪምና ወደ አንገት በላይ ስፔሻሊስት ነው። የእንቅልፍ ምርመራም ሊታዘዝለት ይችላል። እንቅልፉ የተቆራረጠ ልጅ እንደ አዋቂ አያንቀላፋም፤ ይልቁንም ይቅበጠበጣል፣ በትምህርት ላይ ማተኮር ያቅተዋል፣ አንዳንዴም አልጋው ላይ ይሸናል። ስለዚህ አስተማሪዎቹ የሚሉትንም ይጠይቁ። ላንቃው ጠባብ ሆኖ ከተገኘ የጥርስ ማስተካከያ ባለሙያ ላንቃውን የሚያሰፋ መሣሪያ ሊያደርግለት ይችላል፤ ይህ ለአንዳንድ ልጆች ትንፋሹን ያቀላል፤ ቶንሲሉ ትልቅ ከሆነ ግን እርሱን አይተካም።

መልስ፦ የጥርስ ሐኪም፣ አዲስ አበባ

ውይይቱን ከአዲስ አበባ ሆኜ እየተከታተልሁ ነው። በእኛ አገር የእንቅልፍ ምርመራ እንደ ልብ የሚገኝ አይደለም፤ ሲፓፕ ማሽንም ለብዙ ቤተሰብ ከአቅም በላይ ነው። ይህን እያሰቡ ብዙ ባልደረቦቼ ጉዳዩን የባለጸጋ አገር ሕመም አድርገው ያልፉታል፤ እኔ በዚህ አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ዓለም አቀፍ ግምት በመላው ዓለም ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 69 ከሆኑ ሰዎች ወደ አንድ ቢሊዮን የሚጠጉት ይህ ሕመም እንዳለባቸው አመልክቷል። ለመጠየቅ ደግሞ ማሽን አያስፈልግም። ካናዳ ቶሮንቶ ውስጥ ተዘጋጅቶ በብዙ አገር የሚሠራበት፣ ስቶፕ ባንግ የሚባል የ8 ጥያቄ መጠይቅ አለ፤ ታማሚው ጮክ ብሎ ያንኮራፋ እንደሆነ፣ ቀን ይደክመው እንደሆነ፣ ትንፋሹ ሲቋረጥ ያየው ሰው መኖሩን፣ የደም ግፊት እንዳለበት፣ ከልክ ያለፈ ውፍረቱን፣ ዕድሜው ከ50 ማለፉን፣ የአንገቱን ዙሪያና ጾታውን ይጠይቃል። 5ና ከዚያ በላይ አዎ ያለው ሰው ለመካከለኛ ወይም ለከባድ ሕመም ከፍተኛ ሥጋት ስላለበት፣ ወደ ሐኪም ልኮ የደም ግፊቱና የልቡ ሁኔታ እንዲታይ ማድረግ እዚህም የሚቻል ነው። ሴቶችንም እንዳንረሳ አደራ እላለሁ። መጠይቁ ወንድ መሆንን እንደ አንድ ነጥብ ስለሚቆጥር፣ ሴቶችም ስለ ማንኮራፋት ከመናገር ይልቅ ድካምንና እንቅልፍ ማጣትን ስለሚያነሡ ሳይታወቅላቸው ይቀራል፤ የወር አበባ ከቆመ በኋላ ሥጋቱ በእነርሱም ላይ ይጨምራል።

ከላይ ያልተነሣ አንድ የጥርስ ሐኪም ኃላፊነት ልጨምር። ጥርስ ለመንቀል ወይም ለሌላ ከበድ ያለ ሥራ የሚያፈዝ መድኃኒት የምንሰጠው ታማሚ ስሊፕ አፕኒያ ካለበት፣ መድኃኒቱ የጉሮሮውን ጡንቻ ይበልጥ ያላላዋል፤ ወንበሩ ላይ በጀርባው ማስተኛታችንም ችግሩን ያብሳል። ከሥራው በኋላ ለሕመም የምናዝዘው፣ ኦፒዮይድ የሚባለው እንደ ሞርፊን ያለ ጠንካራ ማስታገሻም እንዲሁ በዚያው ሌሊት ትንፋሹን ሊያዳክም ይችላል። እህቴ፣ ባለቤትዎ የቀሩትን ጥርሶች ለማሳከም ሲሄድ ስሊፕ አፕኒያ እንዳለበት በመጀመሪያው ቅጽ ላይ እንዲጽፍ፣ ማሽን ካለውም ይዞት እንዲሄድ፣ ለማስታገሻም ከኦፒዮይድ ውጭ የሆነ ነገር እንዲያዝለት ሐኪሙን እንዲጠይቅ ይንገሩት።